ኡኡታው የጎረቤት ነው ብለን እንተኛ?

ውድ አንባቢያን፣ በተለይም ቀኑን በሥራ፣ ማታውን በጓዳ የምታሳልፉ እናቶችና እህቶች፣ ዛሬ የማጫውታችሁ ስለ ወጥ አሠራር ወይም ስለ ሕፃናት ክትባት አይደለም። ስለ ሦስት ሌሊቶች ነው። ከሦስቱ የመጀመሪያውን ሳስታውስ እስከ ዛሬ ፊቴን ያቃጥለኛል፤ ሆኖም ሌላዋ እህቴ ከእኔ ጥፋት ትማርበት ይሆናል በማለት ሳልደብቅ እጽፈዋለሁ።

ያን ጊዜ የምኖረው አትክልት ተራ አካባቢ፣ ከእናቴ በተረፈኝ የቀበሌ ቤት ውስጥ ነበር። በአንድ ግቢ ስድስት ቤተሰብ፣ አንድ ቧንቧ፣ አንድ መጸዳጃ ቤት ነበረን። የእኔንና የጎረቤቴን ቤት የሚለየው አንድ የጭቃ ግድግዳ ነበር። እነርሱ ቡና ሲወቅጡ የእኔ መደርደሪያ ላይ ያለው ብርጭቆ ይንቀጠቀጣል። የእኔ ልጅ ስታስል እነርሱ «ይማርሽ» ይላሉ። እንዲህ ዓይነት ግቢ ውስጥ ያደገች አንባቢ የምለውን ታውቀዋለች።

አትክልት ተራን የሚያውቅ ሰው ሌሊቱን ያውቀዋል። ገበያው የሚሞቀው አገር ሲተኛ ነበር። ከመቂና ከዝዋይ ቲማቲም፣ ከአርባ ምንጭ ሙዝ የጫኑ መኪናዎች በሌሊት ይገባሉ። ጫኝና አውራጁ «ገለል! ገለል!» እያለ ሣጥን ተሸክሞ ይሮጣል፤ ደላላው ይጮኻል፤ ሾፌሩ ጥሩምባ ይነፋል። ንጋት ላይ የጎመን ቅጠልና የተፈረጠ ቲማቲም ከጭቃው ጋር ተለውሶ መንገዱን ይሞላዋል። እኛ የአካባቢው ልጆች ያንን ጩኸት እንደ እሹሩሩ ሰምተን ያደግን ነን። ልጄ እንኳ ጸጥ ያለ ቦታ ስታድር እንቅልፍ አይወስዳትም ነበር።

በ2012 ዓ.ም. የኮሮና በሽታ ወደ አገራችን በገባ በሳምንታት ውስጥ ገበያው ተነሥቶ ወደ ጃን ሜዳ ሄደ። እንደምታስታውሱት በኋላ፣ በ2013 ዓ.ም.፣ ከጃን ሜዳም ተነሥቶ ወደ ኃይሌ ጋርመንት ተዛወረ። ትምህርት ቤት ተዘግቷል፤ እኔም ከሳምንቱ ብዙውን ቀን ሥራዬን ከቤት እሠራ ነበር። በሕይወቴ ለመጀመሪያ ጊዜ የአትክልት ተራ ሌሊት ጸጥ አለ። ጸጥ ሲልም፣ ለዓመታት በመኪናና በደላላ ጩኸት ተሸፍኖ የኖረ ሌላ ጩኸት መሰማት ጀመረ። የሚመጣው ከግድግዳው ማዶ ነበር።

ጎረቤቴን በስሟ አልጠራትም። እዚህ ላይ «የሚሚ እናት» ልበላት። ሦስት ልጆች አሏት። ባሏ ገበያው ውስጥ በድለላ የሚኖር፣ ለግቢው ሰው ሰላምታ የማይነፍግ ሰው ነበር። እናቴ በታመመች ጊዜ ታክሲ ግቢያችን ድረስ መግባት ስላልቻለ አዝሎ ዋናው መንገድ ድረስ ያደረሳት እርሱ ነው። ይህን የምጽፈው ውለታው እንዳይረሳ ብቻ አይደለም። ሚስቱን የሚደበድብ ሰው ግንባሩ ላይ ምልክት እንደማይኖረው እንድታውቁልኝ ነው። ብዙዎቻችን አናምንም የምንለው «እርሱ እኮ ደግ ሰው ነው» በማለት አይደለምን?

የመጀመሪያው ሌሊት በግንቦት ወር ነበር። ከሌሊቱ ስድስት ሰዓት ገደማ የሚወድቅ ነገር ድምፅ ቀሰቀሰኝ። ከዚያ የሰውዬው ድምፅ ተከተለ፤ ከዚያ እርሷ «ልጆቹ ይሰማሉ፣ ልጆቹ ይሰማሉ» ስትል ሰማሁ። አለመጮኋ ነበር ይበልጥ የሚያስፈራው። የምትለምነው እንዳይመታት አልነበረም፤ ቀስ ብሎ እንዲመታት ነበር።

እኔ ምን አደረግሁ? የሰባት ዓመት ልጄ ነቅታ ዐይኗን አፍጥጣ ታየኛለች። እጄን ሰደድሁና ሬዲዮውን ከፈትሁ፤ ድምፁንም ከፍ አደረግሁት። አዎን፣ ያደረግሁት ይህን ነው። ስለ ሴቶች መብት ስንት ጽሑፍ የጻፍሁ፣ በስንት ስብሰባ ላይ ማስታወሻ ደብተሬን ይዤ የተቀመጥሁ ሴት ሬዲዮ ከፈትሁ። ልጄ በማግሥቱ ጠዋት ፀጉሯን ስሠራት፣ «እማዬ፣ ትናንት ዘፈኑን ለምን አስጮኽሽው?» አለችኝ። «እንቅልፍ እንዲወስድሽ ነው» አልኋት። እንዳላመነችኝ በመስተዋቱ ውስጥ አየሁ።

እኛ ሴቶች ይህን ዝምታ የምንማረው ከሩቅ አይደለም። እናቴ ከአባቴ ጋር ስለኖረችባቸው ዓመታት እምብዛም አታወራም ነበር። አንድ ጊዜ ብቻ፣ እኔ ካገባሁ በኋላ፣ ምስር እየለቀመች ሳለ እንዲህ አለችኝ፦ «በዚያ በደርግ ጊዜ ሰዓት እላፊ ነበር። ከቤት ብወጣ ጠባቂው ያገኘኛል፤ ቤት ብቀመጥ እርሱ አለ። ስለዚህ በሩ ሥር ተቀምጬ ንጋትን እጠብቅ ነበር።» ይህን ብላ ምስሩን መልቀም ቀጠለች። ለማን ትደውል? ስልክ ያለው ማን ነበር? ቀበሌው የቤት ጣጣ አይሰማም፤ ሽማግሌው «ቻይው» ይላል። «ገመናሽን ሸፍኚ» የምትለው የራሷ እናት ነበረች። በዚያ ሌሊት ሬዲዮ ስከፍት ያደረግሁት እናቴ የተማረችውን ነበር። ሰዓት እላፊው ከተነሣ ስንት ዓመቱ፤ እኔ ግን አሁንም በሩ ሥር ተቀምጫለሁ።

ሁለተኛው ሌሊት ከሁለት ሳምንት በኋላ መጣ። በዚህ ጊዜ የትልቋ ልጅ «አባዬ በቃ!» የሚል ድምፅ ነበረበት። ልጄ ከአልጋዋ ተነሥታ ሬዲዮው አጠገብ ሄደች፤ አልከፈተችውም፤ እጇን ላዩ ላይ አድርጋ አየችኝ። ምን እንደማደርግ ለማየት የምትጠብቅ መሰለኝ። ስልኬን አንሥቼ 991 ደወልሁ።

እጄ ይንቀጠቀጥ ነበር። ያነሣችው ሴት ናት፤ ረጋ ብላ ትጠይቀኛለች። «ምን ተፈጠረ? መሣሪያ ይዟል? ልጆች አሉ? ቦታው የት ነው?» የመጨረሻው ጥያቄ አስቸገረኝ። ሠላሳ ዓመት የኖርሁበትን ቤት ለማስረዳት ተሳነኝ። የእኛ ከተማ ሰው አድራሻ የሚያስረዳው በመንገድ ስም አይደለም፤ በሱቅ፣ በወፍጮ ቤት፣ በዛፍ ነው። በድንጋጤ ላይ ሆኜ የምለው ጠፋኝ። በመጨረሻ በሩ ፊት ለፊት ያለውን ወፍጮ ቤት ነገርኋትና «በሩ ላይ ወጥቼ እጠብቃለሁ» አልኋት። ጋቢዬን ደርቤ ወጣሁ። ባዶው ገበያ ጨለማ ነበር። እስኪመጡ ድረስ የጠበቅሁት ጊዜ ምን ያህል እንደሆነ አላውቅም፤ ለእኔ ግን የክረምት ሌሊት ያህል ረዘመብኝ።

ሁለት ፖሊሶች መጡ፤ አንዷ ሴት ናት። በሩን ሲያንኳኩ ሰውዬው ከፈተና በተረጋጋ ድምፅ፣ «የቤት ጉዳይ ነው፤ ይቅርታ፤ ጎረቤት ረበሽን» አለ። ሴቷ ፖሊስ የሚሚን እናት ወደ ጓዳ ወሰደቻትና ለብቻዋ ጠየቀቻት። የሚሚ እናት ነጠላዋን አፏ ላይ አድርጋ «ወድቄ ነው» አለች። ፖሊሷ ደጋግማ ብትጠይቃትም መልሷ አንድ ነበር። በማግሥቱ ጣቢያ ቀርበው ቃል እንዲሰጡ ነገሯቸውና ሄዱ። ባልና ሚስቱ አልቀረቡም።

ከዚያ በኋላ የመጣውን ነገር የነገረኝ ሰው አልነበረም፤ ለዚህም ነው ለእናንተ የምነግራችሁ። በግቢው ውስጥ ጥፋተኛዋ እኔ ሆንሁ። ቡና ሲፈላ ሳልጠራ ቀረሁ። ልብስ ሳሰጣ ወሬ ይቆማል። በዕድሜ ከሁላችንም የሚበልጡት እማማ አንድ ቀን ቧንቧው ዘንድ አገኙኝና እንዲህ አሉኝ፦ «ልጄ፣ ያቺ ሴት ሦስት ልጆች አሏት። ሰውየው ቢታሰር ማን ያበላቸዋል? አንቺ ታበያለሽ?» መልስ አልነበረኝም። እማማን ክፉ ሴት ናቸው ብዬ ባልፋቸው ቀላል ነበር። ነገር ግን ጥያቄያቸው ትክክለኛ ጥያቄ ነበር። ይህን ጥያቄ ሳይመልሱ «ለምን አትከሰውም? ለምን ጥላው አትሄድም?» የሚሉ ሰዎች የሦስት ልጆች እራት ምን እንደሚፈጅ የማያውቁ ናቸው።

ሰውዬው ደግሞ በሦስተኛው ቀን ጀሪካኑን እየሞላ፣ ቀና ብሎም ሳያየኝ፣ «ወንድ የሌለበት ቤት በሩ እንዴት እንደሚዘጋ እናያለን» አለ። ሌላ ምንም አልጨመረም።

እንግዲህ እህቶቼ፣ በገዛ ቤት መፍራት ምን እንደሆነ ያወቅሁት ከዚያ ቀን ጀምሮ ነው። የልጄ አባት ከእኛ ጋር ከተለያየ ቆይቷል፤ ቤቱ ውስጥ እኔና ልጄ ብቻ ነን። ማታ ማታ የጤፍ በርሜሉን ከበሩ አስጠግቼ እተኛለሁ። ሌሊት ወደ መጸዳጃ መውጣት ተውሁ። ልጄ ከነልብሷ ትተኛለች፤ ለምን እንደሆነ ስጠይቃት «ብንሮጥ ብዬ» አለችኝ። ቤት ማለት ሰው ጫማውን የሚያወልቅበት ቦታ ነው። የእኔ ልጅ ግን ጫማዋን አድርጋ መተኛት ጀመረች። ያን ጊዜ ነው የሚሚ እናት ይህን ስንት ዓመት እንደኖረችበት ማሰብ የጀመርሁት። የእኔ አስፈሪ ነገር ከበሩ ውጭ ነበር፤ የእርሷ አስፈሪ ነገር ትራስ ተጋርቷት ይተኛል።

አንድ ጠቃሚ ነገር ግን አደረግሁ። ዛቻውን በተናገረ ቀን፣ ቀኑንና ሰዓቱን፣ ቃሉንም እንዳለ ጽፌ ለአካባቢያችን የማኅበረሰብ ፖሊስ አስመዘገብሁ። «ይህማ ወሬ ነው» ይለኛል ብዬ ፈርቼ ነበር፤ አላለኝም፤ ጻፈው፤ ስልክ ቁጥሩንም ሰጠኝ። ከዚያ በኋላ ሕጉን ራሴ ማንበብ ጀመርሁ። ያገኘሁትን እነሆ።

አያቶቻችንና እናቶቻችን ባገቡበት ጊዜ የሚሠራው፣ በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ በአንቀጽ 635 ባል የቤተሰቡ ራስ ነው ይል ነበር። ይህ በ1992 ዓ.ም. በወጣው የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ ቀርቷል፤ ባልና ሚስት በቤታቸው አስተዳደር እኩል ሆነዋል። ከግንቦት 1 ቀን 1997 ዓ.ም. ጀምሮ ሥራ ላይ የዋለው የወንጀል ሕግ ደግሞ በአንቀጽ 564 በትዳር ጓደኛ ላይ፣ ወይም ሳይጋቡ አብረው በሚኖሩ ሰዎች መካከል የሚፈጸመውን የኃይል ድርጊት በስሙ ጠርቶ ወንጀል መሆኑን ደንግጓል። «የቤት ጉዳይ» የሚባለው ቃል በሕጉ መጽሐፍ ውስጥ የለም።

ይበልጥ የገረመኝ ግን ሌላ ነው። በ1954 ዓ.ም. የወጣውን የወንጀለኛ መቅጫ ሥነ ሥርዓት ሕግ ስመለከት፣ ወንጀል እንደ እጅ ከፍንጅ የሚቆጠርባቸውን ሁኔታዎች በሚዘረዝረው አንቀጽ 20 ላይ፣ ወንጀሉ ከሚፈጸምበት ቦታ የድረሱልኝ ጩኸት ሲሰማ ወይም ፖሊስ ወዲያውኑ ሲጠራ የሚል አገኘሁ። ኡኡታ በሕግ ተጽፎ ነበር! በዚያው ሕግ አንቀጽ 11 ደግሞ፣ ወንጀል መፈጸሙን ያየም ሆነ ያላየ ማንኛውም ሰው ለፖሊስ የማመልከት መብት እንዳለው ተጽፏል። ስለዚህ ከግድግዳ ማዶ የሰማሁት በቂ ነበር። «በዐይኔ አላየሁም» እያልሁ ራሴን ያሳመንሁት በከንቱ ነው። በወንጀል ሕጉ አንቀጽ 575 ላይ ስደርስማ መጽሐፉን ከደንሁት፤ በራሱ ላይ አደጋ ሳይደርስበት መርዳት እየቻለ፣ ሕይወቱ ወይም አካሉ ለከባድ አደጋ የተጋለጠን ሰው ሆን ብሎ ያለ ርዳታ የተወ ሰው ይቀጣል ይላል። ሬዲዮዬ ትዝ አለኝ።

ቁጥሩንም ተመለከትሁ። በ2008 ዓ.ም. የተካሄደው አገር አቀፍ የሥነ ሕዝብና የጤና ጥናት፣ አግብተው ከሚያውቁ ከ15 እስከ 49 ዓመት ከሆናቸው ሴቶች መካከል 34 ከመቶ የሚሆኑት ከትዳር ጓደኛቸው አካላዊ፣ ወሲባዊ ወይም የስሜት ጥቃት እንደደረሰባቸው ያስረዳል። ጥቃት ከደረሰባቸው ሴቶች ደግሞ ሁለት ሦስተኛ ያህሉ ርዳታ አልጠየቁም፤ ለማንም አልተናገሩም። ርዳታ ከጠየቁት ውስጥ ብዙዎቹ የሮጡት ወደ ጎረቤትና ወደ ዘመድ ነው። ልብ በሉ፤ ከፖሊስም፣ ከሐኪምም፣ ከጠበቃም በፊት የሚንኳኳው የእኛ በር ነው። በዚያው ጥናት ውስጥ ባል ሚስቱን ቢመታ ቢያንስ በአንድ ምክንያት ተገቢ ነው ያሉት ሴቶች 63 ከመቶ ሲሆኑ፣ እንዲህ ያሉት ወንዶች 28 ከመቶ ብቻ ናቸው። ይህን ሳነብ እማማን ተረዳኋቸው፤ እናቴንም፣ ራሴንም ተረዳሁ።

ችግሩ የእኛ ብቻ አልነበረም። በዚያው ወቅት፣ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ሚያዝያ 2020፣ የተባበሩት መንግሥታት ዋና ጸሐፊ አንቶኒዮ ጉተሬዝ በዓለም ዙሪያ ሰዎች ቤታቸው ሲዘጉ የቤት ውስጥ ጥቃት እንደ ባሰ ተናግረው፣ መንግሥታት ሁሉ የሴቶችን ደኅንነት ከበሽታው መከላከያ ሥራ ጋር እንዲያያይዙት ጠይቀው ነበር። በስፔን የካናሪ ደሴቶች ደግሞ አንድ ዘዴ ተፈጠረ። ሴት ከቤቷ መውጣት የምትችለው መድኃኒት ለመግዛት ስለሆነ፣ መድኃኒት ቤት ገብታ «ጭንብል 19» ስትል ባለ መድኃኒት ቤቱ ነገሩ ገብቶት ፖሊስ ይጠራላታል። ይህ በሌሎች አገሮችም ተወሰደ። ይህን በሥራዬ ምክንያት ሳነብ እንደ ሩቅ አገር ወሬ አልፌው ነበር።

ከዕለታት አንድ ቀን በምሳ ሰዓት በሬ ተንኳኳ። የሚሚ እናት ናት። ከዚያ ሌሊት ወዲህ አናግራኝ አታውቅም። «ወንፊት አበድሪኝ» አለች። ወንፊቱን አምጥቼ ስሰጣት ጫፉን ይዛ አልተቀበለችኝም፤ አለቀቀችውምም። ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ «ያን ሌሊት የደወልሽው አንቺ ነሽ አይደል?» አለችኝ። «እኔ ነኝ» አልኋት። ርግማን ስጠብቅ፣ «ስትደውዪ ምንድን ነው የሚጠይቁሽ?» አለች።

ነገርኋት። ያን ሌሊት ለምን «ወድቄ ነው» እንዳለችም ሳልጠይቃት ነገረችኝ። «እነርሱ ሲሄዱ እኔ ከእርሱ ጋር ነው የምቀረው» አለች። በቃ፤ ይህን ያህል ግልጽ ነገር ነበር። ስልኳን እርሱ ይይዘዋል፤ ብር በእጇ የለም፤ ወንድሟ ቤት የምትሄደው መሳፈሪያ ስታገኝ ነው። ያን ጊዜ የካናሪዎቹ ጭንብል ትዝ አለኝ። ቆመን ሳለን ተስማማን። ትልቋ ልጅ በሌሊት መጥታ «እማዬ ወንፊቱን ስጪኝ ብላለች» ካለች፣ እኔ ሌላ ጥያቄ ሳልጠይቅ እደውላለሁ። በሌሊት ዱቄት የሚነፋ ማን አለ? የልጆቹን የልደት ወረቀትና የመታወቂያዋን ቅጂ፣ ጥቂት ልብስም በፌስታል አድርጋ በየቀኑ አንድ አንድ እያለች ወደ እኔ ቤት አሻገረች። እኔም ለመሳፈሪያ የሚሆን ብር ፌስታሉ ውስጥ ጨመርሁበት።

ነገሩን ብቻዬን መያዝ እንደሌለብኝ ስለገባኝ ወደ እማማ ሄድሁ። ሕግ አላነበብሁላቸውም። «እማማ፣ ማን ያበላቸዋል ብለው ጠይቀውኝ ነበር፤ እኔ ብቻዬን አልችልም፤ እኛ ስድስታችን ግን እንችል ይሆናል» አልኋቸው። ብዙ ጊዜ ዝም ብለው ቆዩና «እኔም እኮ ስንት ዓመት ሰማሁ» አሉ። የእርሳቸው ቤት የሚዋሰነው በዚያኛው ግድግዳ ነው። በአንደኛው ወገን እኔ፣ በሌላኛው እማማ፤ ሁለታችንም በመካከል ያለችውን ሴት ስንሰማ ኖረናል፤ እርስ በርሳችን ግን አንድ ቀን ተነጋግረን አናውቅም።

ሦስተኛው ሌሊት ክረምቱ ከገባ በኋላ ነው። ዝናቡ ቆርቆሮውን ሲደበድብ መስኮቴ ተንኳኳ። ልጅቱ በባዶ እግሯ ናት። «እማዬ ወንፊቱን ስጪኝ ብላለች» አለችኝና ያን ጊዜ ብቻ ማልቀስ ጀመረች። ደወልሁ። አድራሻውን በወረቀት ጽፌ ግድግዳ ላይ ለጥፌው ስለነበር አሁን አልተንተባተብሁም። ከዚያ የእማማን በር መታሁ። እማማ ባትሪያቸውን ይዘው፣ ጋቢያቸውን ተከናንበው ወጡና በዝናቡ ውስጥ ሰውዬው በር ላይ ቆመው፣ «አንተ ልጅ፣ ሁላችንም ነቅተናል፤ ሁላችንም እዚህ ነን» አሉ። የሌሎቹም በር አንድ በአንድ ተከፈተ። ማንም ድንጋይ አላነሣም፤ ማንም አልተሳደበም። ሰዎች መብራታቸውን አብርተው በየደጃቸው ቆሙ። ውስጥ ያለው ድምፅ ቆመ።

ፖሊሶቹ ሲመጡ የሚሚ እናት አልወደቅሁም አለች። «መታኝ» አለች። አንዲት ቃል ናት፤ ለመናገር ግን አሥር ዓመት ፈጅታባታለች። በማግሥቱ ጋንዲ መታሰቢያ ሆስፒታል ድረስ አብሬያት ሄድሁ። በዚያ ጥቃት ለደረሰባቸው ሴቶችና ሕፃናት ሐኪሙንም፣ ፖሊሱንም፣ ዐቃቤ ሕጉንም በአንድ ቦታ የሚያገናኝ ማዕከል አለ፤ ተጎጂዋ አንዱን ነገር በየቢሮው ስትደጋግም እንዳትውል ነው። ጉዳዩ ፍርድ ቤት ደረሰ። ዝርዝሩ የእርሷ ስለሆነ እዚህ አልጽፈውም። ጥቂት ወራት ወንድሟ ቤት ከረመች።

የእማማን ጥያቄ የመለሰው ግን ፍርድ ቤት አልነበረም። ግቢያችን ውስጥ በየሁለት ሳምንቱ የምንጥለው አነስተኛ ዕቁብ አለን። ስትመለስ ያለ ዕጣ የመጀመሪያውን ተራ ለእርሷ ሰጠናት፤ ሐሳቡን ያመጡት እማማ ናቸው። በብሩ የኤሌክትሪክ ምጣድ ገዛች። እንጀራ እየጋገረች ለሠፈሩ ምግብ ቤቶች ማስረከብ ጀመረች። ሁሉ ነገር ተስተካክሎ እንደ ተረት አለቀ አልላችሁም። ትንሹ ልጅ አባቱን እየጠራ የሚያለቅስበት ሌሊት ነበር፤ ሰውዬውም በኋላ ልጆቹን ለማየት ሲመጣ ሰው ባለበት፣ በቀን ነበር። ቂም የያዙ ጎረቤቶችም አልጠፉም። «ችግር ነው ያባሰው፤ ገበያው ሲሄድ ሥራ አጥቶ ነው» ይሉ ነበር። እውነት ነው፣ ሥራ አጥቶ ነበር። ያ ችግር ግን እርሷንም ያገኛት ችግር ነው፤ እርሷ ግን ማንንም አልደበደበችም።

እንግዲህ ከዚህ ሁሉ የተማርሁትን ባጭሩ ላስቀምጥ።

አንደኛ፣ 991ን ለልጆቻችሁም አስጠኑ። ቤታችሁ የሚገኝበትን ክፍለ ከተማና ወረዳ፣ በአቅራቢያው ያለውን ታዋቂ ምልክት ጽፋችሁ ግድግዳ ላይ ለጥፉት። የድንጋጤ ሌሊት ሠላሳ ዓመት የኖሩበትን ቤት ያስረሳል። ከቻላችሁ አንድ ሰው በሩ ላይ ወጥቶ ፖሊሶቹን ይቀበል።

ሁለተኛ፣ ስትደውሉ ያያችሁትንና የሰማችሁትን ብቻ ተናገሩ። ልጆች መኖራቸውን፣ መሣሪያ መኖሩን አትርሱ። ዛቻ ከደረሰባችሁ በዕለቱ ከነሰዓቱ ጽፋችሁ አስመዝግቡ።

ሦስተኛ፣ ብቻችሁን ገብታችሁ ለመገላገል አትሞክሩ፤ ደብዳቢውንም አትስደቡ። የብዙ ሰው መብራትና መቆም ከአንድ ሰው ዱላ ይበልጣል።

አራተኛ፣ የተጎዳችዋ ሴት ፖሊስ ፊት «ወድቄ ነው» ብትል አትቀየሟት። ፖሊሱ ሲሄድ ከማን ጋር እንደምትቀር አስቡ። በሁለተኛው ቀን በቀን ብርሃን ብቻዋን አግኝታችሁ አነጋግሯት። ወረቀቷን የምታስቀምጥበት ቤት፣ መሳፈሪያዋን የሚሰጣት እጅ ሁኑላት።

አምስተኛ፣ ጠበቃ መክፈል የማትችል ሴት የኢትዮጵያ ሴት የሕግ ባለሙያዎች ማኅበርን በነፃ የሕግ ምክር ልትጠይቅ ትችላለች። የምትጠለልበት የሌላት ደግሞ የሴቶች ማረፊያና ልማት ማኅበር መጠለያ እንዳለው ትወቅ።

«ዝም አይነቅዝም» ይላሉ አባቶቻችን። እኔ አትክልት ተራ ያደግሁ ሴት ነኝ፤ ተሸፍኖ የተቀመጠ ነገር ምን እንደሚሆን ጠዋት ጠዋት መንገድ ላይ እያየሁ ነው ትምህርት ቤት የሄድሁት።

ልጄ አሁን አድጋለች። በቅርቡ አብረን ዕቃ ስናስተካክል አሮጌው ሬዲዮ ተገኘ። «ይህ ነገር ይጣል?» ብላ ጠየቀችኝ። «አይጣል፤ ዜና እንሰማበታለን» አልኋት። ወንፊቱ ግን በቤቴ የለም፤ እስከ ዛሬ የሚሚ እናት ዘንድ ነው። መልሺልኝ ብያት አላውቅም፤ እርሷም አልመለሰችልኝም።

እናንተስ ውድ አንባቢያን፣ ዛሬ ማታ ከግድግዳው ማዶ ድምፅ ብትሰሙ ምን ታደርጋላችሁ? ኡኡታው የጎረቤት ነው ብለን አንተኛ።